ቅቤ የተቀባ ሰው ድንኳን አይገባም

እኔ በሶዶ ገበያ በቅቤ ተራ አላልፍም። ሽንኩርት የፈለግሁ እንደሆነ በጨው ተራ ዞሬ፣ ጭቃውን ረግሜ፣ ባጃጅ ሊደፋኝ ሲል ለጥቂት ተርፌ እደርሳለሁ እንጂ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተደረደረውን የቅቤ ሽታ ፊት ለፊት አልጋፈጥም። ጎረቤቶቼ «እትዬ አስካለ ደም ግፊት ስላለባት ነው ቅቤ የምትሸሸው» ይላሉ። ይበሉ። ደም ግፊቱም እንደሆነ አለ። ባለፈው የጊፋታ ሰሞን ግን በጨው ተራ በኩል ያለው መንገድ ተቆፍሮ ስለነበር፣ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ በቅቤው መሃል ገባሁ። የወላይታ ሰው ዘመኑን የሚለውጠው በቅቤ ነው፤ ያን ሰሞን ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋ ያለ ቅቤ፣ ራስም ያለ ቅቤ አይሆንም። ሻጯም ገዢዋም ለጋውን አናቷ ላይ አድርጋ፣ ፀሐዩ አቅልጦት በጆሮ ግንዷ እየወረደ፣ «ዮ ዮ ጊፋታ» ትባባላለች። ሽታው ሲያገኘኝ የአንዲት ቅቤ ሻጭ የዣንጥላ እንጨት ይዤ ቆምኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ «ምነው እማማ፣ አመመዎት?» አለችኝ። «አላመመኝም ልጄ፣ አርጅቼ ነው» አልኳት።

ያ ሽታ ለሌላው ሰው በዓል ነው። እኔን ግን የቤሌን ከተማ አሳልፎ ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ ላይ ነው የሚጥለኝ። በወጣትነቴ እዚያ የመሬት ጥናት ለሚያደርግ ቡድን ወጥ ቤት ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ሶዶ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው፤ እሱ ሲሞት ትምህርቴን ጥዬ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ዘመኑ ሁሉም ሰው ጓድ የሚባልበት ነበር። ሾፌሩ ጓድ፣ ወጥ ቤቷ ጓድ፣ ጓድ ያልተባለው ዕቃ የሚጭንልን አህያ ብቻ ነው። ወንዱ ሰፊ ሱሪ ለብሶ የቤሌን አቧራ ሲጠርግ ይውላል፤ ፋሽኑ ሌላ አገር ካለፈበት በኋላ ነው መሰለኝ ወደኛ የደረሰው። እኔ ከመጀመሪያ ደመወዜ አበባ ያለው ቴትሮን ቀሚስ ገዛሁ፤ አይተኮስ፣ አይጨማደድ፣ ታጥቦ ሳይውል ይደርቃል። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነው፣ ቦንቦሊኖ በስሙኒ፤ ለዚያውም ቦንቦሊኖው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። የአለቃችን የጋሽ ተፈራ ሬዲዮ አመሻሽ ላይ ሲከፈት፣ ከዜናው ይልቅ ዘፈኑን ለመስማት ሁላችንም ሥራችንን እንጨርስ ነበር። አቤት የዚያ ቆላ አየር! ዋርካው ሥር አረንጓዴ ሸራ ድንኳኖቻችን፣ ከታች ወንዙ፣ ማዶ ሰው ያልነካው ሣር። ዛሬ ስዕል ነው ብትሉኝ አምናለሁ።

ዳናን ያገኘሁት እዚያ ነው። ደጋ የሚገኘው የጉኑኖ መንደር ልጅ ነው፤ ግን ቆላ አጎቱ ዘንድ ስላደገ የቡድኑ ዘበኛም መንገድ መሪም እሱ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሞኝነቴ! ዝናብ ይመጣል ብዬ ምድጃዬን ከድንኳኔ ደጃፍ ተክዬ ሽንኩርት በቅቤ ሳቁላላ፣ አንድ ረጅም ሰው መጥቶ ድስቱን ከነትኩሱ አነሳው። «የት ልትወስደው ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «እህቴ፣ ድንኳንሽን እኮ ወጥ አደረግሽው። ጅብ በር አያንኳኳም» አለኝ። ነፋሱ ከድንኳኖቹ ወዲያ ወደሚሄድበት፣ ታች ራቅ አድርጎ ምድጃ ሠራልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራት ጀንበር ሳትጠልቅ ይበላል፣ ሳህኑ ወዲያው ይታጠባል፣ ሥጋውና ቅቤው በገመድ ከሩቅ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ምግብ የሠራሁበትን ቀሚስ እንኳ ለብሼ እንድተኛ አይፈቅድልኝም፤ ከሥጋው ጋር አብሮ ይሰቀላል። «ቀሚሴን ደግሞ ጅብ ይለብሰዋል?» ስለው፣ «ያንቺን ወጥ የቀመሰ ጅብ ምን የማያደርገው አለ» ይለኛል።

ከሁሉ የከበደው ሕግ የቅቤው ነበር። ዕቃ የሚሸከሙልን ሰዎች ከደጋ ሲመጡ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ አናታቸው ቅቤ ጠጥቶ ነው የሚመጡት። ዳና ወንዙ ዳር ቆሞ ይቀበላቸዋል። እንዶዱን ይዞ እንደ ጥምቀት ቄስ አንድ በአንድ አጎንብሶ ያጥባቸዋል። ይቆጣሉ፣ ይሳደባሉ፣ «የሚስቴ እጅ ነው እኮ!» የሚልም አለ። እሱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ «ቅቤ የተቀባ ሰው ድንኳን አይገባም።» ጋሽ ተፈራ ራሱ አንድ ጊዜ ከቤሌ ድግስ ተቀብቶ መጥቶ ታጥቧል። አለቃ ነኝ አላለም፤ ኮቱን ለእኔ ሰጥቶ አጎነበሰ።

መንገድ ላይም እንዲሁ ነው። ሣሩ ከሰው ቁመት ሲበልጥ እያወራን ነው የምንሄደው፤ ጎሽ የሚገድለው ሲደነግጥ ነው፣ ድምፅ ከሰማ ራሱ ዞር ይላል። ጋሽ ተፈራ የሚያወራው ሲያልቅበት የማባዣ ሠንጠረዥ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር፤ ሰባት ሰባት ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ ከኋላ ያለነው እናርመዋለን። በጉማሬና በውሃው መሃል አንቆምም። ጉማሬ በቀደደው መንገድ ላይ ድንኳን አይተከልም፤ «እሱ መንገዱን ለጓድም አይለቅም» ይል ነበር ዳና። ጅብ ካጋጠመሽ አትሩጪ፣ የሮጠ ራት ነው፤ ቁሚ፣ ጋቢሽን ከራስሽ በላይ ዘርጊ፣ ትልቅ ሁኚ፣ ተሳደቢ። «መሳደቡን እንኳ አንቺን ማንም አያስተምርሽም» ብሎ ይስቅብኛል። ብቻሽን አትሂጂ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ካለሽበት አትነሺ። ይህን ሁሉ የሚታጠብ ሳህን ይዤ ወንዝ ስወርድ፣ እሱ ጦሩን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው የተማርኩት። ሳህኑም ቶሎ አያልቅም ነበር፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ።

አሁን ግቢዬ ውስጥ የተከራየች አንዲት ወጣት አስተማሪ አለችኝ። ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ዳሞታ ተራራ ወጥተው ያድራሉ። ድንኳናቸው ብርቱካንማ ነው፣ ባዶ እጅ ያህል ይቀላል፣ ሙዚቃ የሚያስጮህ ነገርም ይይዛሉ። እንቁላሉን እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው የሚጠብሱት። ይህን የነገረችኝ ዕለት አላስችል ብሎኝ ምድጃውን፣ ነፋሱን፣ ገመዱን፣ ሁሉንም አስረዳኋት። ጨዋ ልጅ ናት፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «እትዬ፣ አሁን እኮ ምንም የለም» አለች ቀስ ብላ። «ብንፈልግስ የት እናገኛለን?» እውነቷን ነው። ቆላው ታርሷል፣ የተረፈውን ውሃ በልቶታል፤ ወንዙ ሲገደብ የእኛ ዋርካ ከነድንጋዩ፣ ከነሳህን ማጠቢያው ከሥር ቀርቷል ብለው ቤሌ ደርሰው የመጡ ሰዎች ነግረውኛል። ጎሹን የት አባቱ እንደደረሰ እንጃ። እዚህ ከተማ ጫፍ ላይ ቆሻሻ የሚያነሳ ጅብ ይጮህ ነበር፣ እሱም ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ሰው ጠላቱ ሲጠፋ ደስ ሊለው ይገባል አይደል? እኔን ከፋኝ። ዳናን የሚያውቅ ነገር ከዚህ ዓለም አንድ በአንድ እየተነሳ ሄደ።

ልመለስበት። ልንጋባ ተስማማን። ያልተስማማችው እናቱ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ከቤተ ክርስቲያኗ የማትጠፋ ሴት ናት፤ የወንጌል አማኝ ብትሆንም የጊፋታን ቅቤ ግን አልተወችም። «የሰሜን ሰው ልጅ፣ ያውም ከእኛ ጋር የማትጸልይ» አለች አሉ። ወላይትኛውን ከእሷ እኩል እናገራለሁ፤ ምን ዋጋ አለው። ዳና ለጊፋታ ፈቃድ ወስዶ ጉኑኖ ሊሄድ ሲል ወንዙ ዳር እንዲህ አለኝ።

«ዘንድሮ ቁርጡን እጠይቃታለሁ። እሺ ካለች በእጇ ትቀባኛለች። እምቢ ካለች አትቀባኝም። እንግዲህ ስመጣ ከሩቅ እዪኝ፤ አናቴ ካበራ አለቀ።»

«ወንዙ ጋ ታጥበህ ና እንጂ! አንተው ነህ እኮ ሰዉን ሁሉ የምታጥበው።»

«ታጥቤ ብመጣማ በምን ታውቂያለሽ?»

«በአፍህ ትነግረኛለህ።»

«ወንድ ልጅ በአፉ ሲናገር ታምኚያለሽ?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም «ደግሞ እናቴ፣ የምርቃት ቅቤ ራሱ ይደርቃል እንጂ አይታጠብም ትላለች። የታጠበ ሰው ምርቃቱን ወንዝ ወሰደው ማለት ነው። አንዴ ይሁን፤ አንቺ ካየሽው በኋላ ታጥቢኛለሽ» አለኝ።

ይመለሳል በተባለበት ቀን ሥራዬን ቶሎ ጨርሼ ቴትሮኗን ለበስኩ። ፀጉሬን አበጠርኩ፣ አፈረስኩ፣ እንደገና አበጠርኩ። መንገዱ ከዋርካው በላይ አንድ ጠመዝማዛ አለው፤ ዓይኔን እዚያ ላይ ተክዬ ዋልኩ። ቢያበራ ከሩቅ ይታየኛል። ጀንበሯ ስትዘቀዝቅ ጋሽ ተፈራ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «በዓል ነው፣ አውቶቡሱ ሰው አላገኘ ይሆናል። ዳና ሞኝ አይደለም፣ ቤሌ ያድራል» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ምን ነክቶኝ አይመስለኝም? ሰውን ሁሉ ፀሐይ ካዘቀዘቀች አትነሱ የሚል ሰው ነው።

በኋላ እንደሰማነው አውቶቡሱ ከሶዶ ዘግይቶ ተነስቶ ቤሌ የገባው ሊመሽ ሲል ነው። የሚያውቁት ሰዎች «እደር እንጂ፣ ምን አቻኮለህ» ብለውታል። «ሰው ይጠብቀኛል» ብሎ ወረደ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይላሉ፤ የቸኮለ ሰውስ ምን እንደሚሆን ማን ተረተ? ጠዋት እንጨት ሊለቅሙ የወጡት ተሸካሚዎች ጠመዝማዛው ጋ አገኙት። ከዚያ የምድጃዬ ጭስ ይታያል። አልሮጠም፤ ጋቢውን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፣ ሣሩ ይናገራል። ጅቡ አንድ ቢሆን ኖሮ ይበቃው ነበር።

ልሮጥ ስል ጋሽ ተፈራ ሁለት እጄን ያዘኝ። «አታይውም፣ በሞትኩት አታይውም» እያለ ራሱ ያለቅሳል። በጋቢው ሸፍነው፣ በድንኳን እንጨት ተሸክመው በፊቴ አሳለፉት። ነፋሱ ከእነሱ በኩል ነበር። ቅቤው ሸተተኝ፤ ለጋ ቅቤ፣ በፀሐይ የሞቀ ፀጉር። «እሺ ብላለች!» አልኩ ጮክ ብዬ። «እሺ ብላለች፣ እናቱ እሺ ብላለች!» ሰዎቹ አበደች ብለው ውሃ አፈሰሱብኝ።

ጋሽ ተፈራ እናት እንዳታይ ብሎ ቤሌ ሣጥን አሠርቶ አስዘጋው። ጉኑኖ ለቅሶ ላይ ስደርስ ቤቱ ሞልቷል። እናቱ ትንሽዬ ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ረጅም ልጅ ከየት ወጣ ያሰኛል። ከሰዉ መሃል በጣቷ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጆሮዬ ሥር፣ በወላይትኛ፣ «ታጥቦ ነበር?» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አልታጠበም ብላት፣ ልጅሽን በእጅሽ ቀብተሽ ለጅብ ላክሽው ማለቴ ነው፤ የቅቤውን ሕግ ዳና ሲያወራ ስንት ጊዜ ሰምታለች። ታጥቧል ብላት፣ ምርቃትሽን ወንዝ ውስጥ ጥሎት ሞተ ማለቴ ነው። ሁለቱም ቢላ ነው። የሚያደማው ማንን እንደሆነ ብቻ ነው የምመርጠው። «አዎ» አልኳት። «ወንዙ ጋ ታጥቦ ነበር። እኔ ነኝ ታጠብ ያልኩት።» ፊቴን አየችኝ፤ ረጅም አየችኝ። «እሺ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ወጣሁ።

ጠላችኝ አልኩ። ምርቃቷን ያስታጠብኩባት የሰሜን ሰው ልጅ ነኛ። ትጥላኝ፤ ራሷን ከምትጠላ እኔን ትጥላ። ጉኑኖ ተመልሼ አልሄድኩም። ጊፋታ ሲመጣ በሬን ዘግቼ እውላለሁ። ቡድኑም ተበተነ፣ ዘመኑም ተለወጠ፣ ጓድ መባልም ቀረ፣ እኔ ሶዶ የሰው ምግብ ቤት ውስጥ ስቀቅል ጡረታ የሌለበት ዕድሜ ላይ ደረስኩ። የጠየቀኝ ወንድ አልነበረም ብዬ አልዋሽም፤ ነበረ። ጆሮ ግንዱን አያለሁ፣ አናቱን አያለሁ፣ ይቅርብኝ እላለሁ። የዚያችን ቀን ውሸቴን ግን ኮርቼበት ኖርኩ። ከዚህ ሁሉ ኪሳራ አንዲት እናትን አድኛለሁ፣ ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ እያልኩ ለራሴ ስፎክር አርጅቻለሁ።

ታዲያ ያን ዕለት ቅቤ ተራ የዣንጥላውን እንጨት ይዤ እንደቆምኩ፣ የሰፈሬ ሽንኩርት ሻጭ አይታኝ ከሩቅ «እትዬ አስካለ! ዛሬ ደግሞ በዚህ በኩል?» ብላ ጮኸች። ቅቤ ሻጯ እጇ ላይ የነበረውን ቅጠል ለቀቀችው። ፀጉሯ የሸበተ፣ ትንሽዬ ሴት ናት።

«የቱ አስካለ? የቆላው? የድንኳኑ አስካለ?»

ራሴን ነቀነቅሁላት።

«ማርታ ነኝ። የዳና እህት። ለቅሶው ላይ ውሃ ያቀበልኩሽ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ» አለች። አማርኛውን ትታ በወላይትኛ፣ እርስዎውን ትታ አንቺ አለችኝ፤ ቤተሰብ አደረገችኝ። በርጩማዋን ለቅቃልኝ እሷ መሬት ተቀመጠች። እናቷን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? «እናታችሁስ?» አልኩ እንደምንም።

«አምና ዐረፈች።»

«ነፍስ ይማር። ይቅር ሳትለኝ ሄደች።»

«ምኑን?»

«ያስታጠብኩትን ነዋ። ቅቤዋን።»

ማርታ ረጅም አየችኝ፤ የእናቷ ዓይን ነው። «አልታጠበም እኮ» አለች። «ጠዋት አንቺ ሳትደርሺ፣ ከመቀበሩ በፊት ሰዉን ሁሉ አስወጥታ ሣጥኑን ከፈተችው። ፀጉሩን ያበጠረችው እሷ ናት። ቅቤዋን በጣቷ ነክታዋለች።»

«ታዲያ ለምን ጠየቀችኝ? እያወቀች ለምን ትጠይቀኛለች?»

«እንጃ። 'ልጅቷ እውነቱን ብትለኝ አንገቷን ይዤ አለቅስ ነበር፤ ሌላ ማን ያውቃል' ትል ነበር። ስትዋሺላት ደግሞ አዘነችልሽ፣ ውሸትሽን ልትቀማሽ አልፈለገችም። ትመጣለች አለች። በየጊፋታው ቅቤው ሲናጥ ያንቺን ለይታ ታስቀምጥ ነበር። 'ምራቴ ከመጣች ልቀባት' ትላለች። ሳትመጪ ሲቀር ለወጥ እናደርገዋለን።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሞት ነዋ። አምናም አስቀምጣ ነበር።»

ወይ አምላኬ! ጉኑኖ እኮ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሄዶ ለምሳ ቤት ይደረሳል። አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አለቀስኩ፣ ማርታም አለቀሰች፣ ገዢው ቅቤ የጎደለብን መስሎት ዞሮ አየን። ስነሳ ከለጋው ትልቁን መርጣ በኮባ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ዋጋውን ልስጥ ብል ተቆጣችኝ።

ቤት ይዤው ገባሁ። ያቺ ግቢዬ የተከራየች አስተማሪ ዓይኔን አይታ ሁሉን ነገር አስወራችኝ፤ ሰምታ ስትጨርስ እሷም አፍንጫዋን እየጠረገች «እኔ ልቀባዎት እትዬ?» አለችኝ። ደግ ልጅ። ግን የምርቃት ቅቤ ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው የሚወርደው፤ መራቂው ካልበለጠ ቅቤ ብቻ ነው። እሺ ከሰፈሩ ማንን ልጥራ ብዬ በየበሩ አሰብኩ። የግራ ጎረቤቴ ሞታለች። ባለ ወፍጮው አዛውንት ሞተዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያሉት ሴትዮም ባለፈው ጾም ተቀበሩ። ከእኔ የሚበልጥ ሰው አጣሁ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ገመድ ፈለግሁ። ቅቤው ቤቴ ውስጥ እንዲያድር አልፈልግም፤ ልማድ ነው፣ ሰው የተማረውን አይተውም። ነፋሱን አይቼ፣ ከመኝታዬ ራቅ አድርጌ፣ አጥሩ ጥግ ያለው አቮካዶ ላይ ሰቀልኩት። ቴትሮኗ የለችም እንጂ ገበያ ለብሼው የዋልኩትንም ቀሚስ አብሬ ሰቀልኩ። ልጅቷ በመስኮት ታየኛለች፤ አሮጊቷ ነካ አድርጓታል ብላ ይሆናል። ገብቼ ተኛሁ። እውነቱን ልናገር፣ ጆሮዬን ጥዬ ነው የተኛሁት። ሌላው ቢቀር አንድ ጅብ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል ብዬ ጓጉቼ ነበር። ሲነጋ ወጥቼ አየሁ። ቅቤውም ቀሚሱም እንደተሰቀሉ ናቸው፤ የነካቸው የለም።